ቀ የማያልፍበት ሬዲዮ

«ስም ጠየቁ፣ የኔታ» አለ ጥላዬ፣ እርሳሱን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «የተቀበሩትን የአርባ አንዱን ሰው ስም ባስቸኳይ ላኩ ይላሉ።»

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከስማዳ ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተው፣ ከትናንት ጀምሮ ንፋስ መውጫ እዚህ ሬዲዮ ክፍል ጥግ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ።

«እግዜር ይስጣቸው። ስም ከጠየቁ እህሉም አይቀር። ደብሩ ግቢ ሁለት መቶ ነፍስ ተኝቶ ይጠብቀኛል።»

ማዳመጫው የጥላዬ ጆሮ ላይ አጭርና ረጅም እያለ መጮኹን ቀጥሏል፤ እሱም ፊደል በፊደል ይለቅማል። ለምስክር ወረቀት ዝግጅት። ለተከታታይ አርአያነታቸው። እንኳን ደስ ያላችሁ።

እርሳሱ ቆመ።

ሬዲዮው የሰው ድምፅ አያሳልፍም፤ የሚያውቀው በአጭርና በረጅም ጩኸት የሚመታ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ይመታና ማዶ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሰው መልሶ አማርኛ ያደርገዋል። ለቀ የሚሆን ኪው የሚባል ፊደል ነበር፤ ነገር ግን ኪው የሬዲዮ ሠራተኞች የእርስ በርስ መጠያየቂያ ምልክት ስለሆነ መልእክት ውስጥ አይገባም ተብሎ ታግዷል። ስለዚህ «ከ»ም «ቀ»ም በኬ ይሄዳሉ። «ተቀበሩ» ብሎ የላከው ማዶ ሲደርስ «ተከበሩ» ሆኗል፤ አሁን የመጣውንም «የተከበሩ» እሱ «የተቀበሩ» ብሎ አንብቦታል። በኬና በኪው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ረጅም ጩኸት ናት። ማዶ ባለው ሰው መፍረድም አይቻልም፤ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ስለሚከበር ነገር ሲጽፍ የባጀ ነው።

ጥላዬ ግን ትናንት የጻፈው ተቀበሩ አልነበረም። «በረሃብ ሞቱ፣ እህል ይላክ» ነበር የጻፈው። ጓድ ጋሻው፣ አለቃው፣ በቀይ ብዕር ሰረዘው። ረሃብ ለበዓል ሰሞን አይሆንም፣ ሞት ሞራል ይሰብራል፣ ተቀበሩ በል፣ መቅበር ሥራ ነው፣ ሕዝቡ ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል አለ። እህሉንም «አስፈላጊው ትብብር ይደረግ» አደረገው። ትብብሩ ይኸው መጣ።

ጋሻው ሲገባ ወረቀቱን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ፈገግ አለ።

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ሬሳ ነው የሸለሙት፣ ጓድ ጋሻው። ማረሚያ ልላክ?»

«ማረሚያማ ያለው ማረሚያ ቤት ነው። አንተን ወደዚያ መላኩንም እኔ እችልበታለሁ።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጠፈ። «ከላይ የመጣ ደስታ አይመለስም። ከበዓሉ በኋላ እናርመዋለን።»

«ከበዓሉ በኋላ የሚታረምለት ሰው አይኖርም።»

«ምን ተባለ ልጄ?» አሉ መሪጌታ።

«ተሸለሙ ተባለ፣ የኔታ።»

«ሙታኑ?»

«ሙታኑ።»

መሪጌታ ወደ ጋሻው ዞሩ። «ለሕያዋኑስ?»

«ለሕያዋኑ በዓሉ አለላቸው፣ አባ» አለ ጋሻው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ብዕሩን አወጣ። «በሉ እርስዎ ይጥሩ፣ እሱ ይምታ፣ እኔ እመዘግባለሁ። ቶሎ እንጨርስ።»

ጥላዬ ማዳመጫውን አስተካክሎ የፊደል መምቻውን ያዘ።

«ጣሰው ውቤ» አሉ መሪጌታ።

ሁለት ረጅም። ሦስት ረጅም። አንድ ረጅም። ከዚያ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም። ስሙን ሳይሆን «ሞቱ» ብሎ መታ፤ ኬም ኪውም የለበትም፣ የሚሳሳቱበት ነገር የለውም።

«ባንቺዓለም ጣሰው። ይቺ የሦስት ዓመት ልጅ ናት።»

ሞቱ። ለሕፃን አንቱታ አይገባም። ጥላዬ ግን ላንዷም አላጎደለም።

በአራተኛው ላይ ማዶ ያለው ሰው በማዳመጫው ውስጥ ምን አልክ ብሎ መትቶ አቋረጠው። ጥላዬ ያንኑ ደገመለት። ከዚያ ወዲያ ማዶው ዝም አለ፤ ዝምታው የሚጽፍ ሰው ዝምታ ይመስል ነበር።

«የዚህኛው ስም ረጅም አልነበረም እንዴ?» አለ ጋሻው። «ቶሎ አለቀ።»

«ቶሎ ያልቃሉ፣ ጓድ።»

ጋሻው የጩኸቱን ፊደል አያውቅም፤ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ።

መሪጌታ ዐሥራ አንድ ዓመት ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ተምረው፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከማዶ ጎጆ ትምህርቱን እየደጋገመ የሚቀጽል ተማሪ አንዲት ዜማ ቢያጎድል ከተኙበት ቀና ብለው የሚያርሙ ናቸው። በሰባተኛው ስም ላይ ቀና አሉ። የሰዉ ስም ሁሉ አንድ ዜማ ሆኗል። የጥላዬን ጣቶች አዩ፣ ከዚያ ፊቱን አዩ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጠርተው፣ ምቱ እስኪያልቅ በደንብ ሰምተው፣ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፉት።

ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ፣ «ማንአለሽ» አሉና ቆሙ።

«የማን ልጅ?» አለ ጋሻው።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩት።

«አባ፣ የአባቷን ስም። ያለ አባት የምስክር ወረቀት አይጻፍም።»

ጥላዬ መምቻውን እንደያዘ ቀረ። ሊመታው አልቻለም፤ አባቷ እዚሁ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ መሆናቸው ገብቶታል።

ሽማግሌው ጋሻውን ትክ ብለው እያዩ፣ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ፣ ጥርሳቸውን እንደነከሱ ከጉሮሯቸው አወጡት። ሁለት ረጅም። ሦስት ረጅም። አንድ ረጅም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አንዲትም አላጎደሉም። የመጨረሻዋን ረጅም ግን አልለቀቋትም፤ የጋሻው ብዕር አየር ላይ እንደቆመ፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ያዟት።