የሣር ማጨጃውን ማን አዘገየው?

«ኧረ አባዬ! ቀንድ አውጣ እኮ አልፎህ ሄደ!»

ልጁ በረንዳው ላይ ቆሞ ጮኸ... አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ አንዱ ስልኩ ላይ።

አባትየው የሣር ማጨጃውን ማሽን ይዘው ግቢው ላይ ያዘግማሉ።

ማሽኑ እኮ በራሱ የሚሄድ ነው! እጀታው ላይ ያለውን መጨበጫ ጨበጥ ሲያደርጉት ጎማው ይዞ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል፤ መግፋት የለም።

ግን ምን ያደርጋል... ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ነው የሚራመደው።

ከጎናቸው እናትየዋ አሉ። እጃቸውን እጀታው ላይ ጣል አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው...

«እዚያ ጋ ቀርቷል! ዓይንህ የት ነው ያለው?»

«አየሁት፣ አየሁት...»

«ብታየውማ ታጭደው ነበር!»

ሠፈሩ ሁሉ የለመደው ነው። ሽማግሌው ያጭዳሉ፣ አሮጊቷ እየተከተሉ ይነዘንዛሉ። ልጁም «እማዬ የሣር አለቃ ሆና ተቀጥራለች» እያለ ጓደኞቹን ያስቅባቸዋል።

ያን ቀን ግን ሳቁ አልመጣለትም...

ማታውን የልጁ የመሥሪያ ቤት አለቃ ከነሚስቱ እራት ሊመጣ ነው። እድገቱን የሚያገኘውም የሚያጣውም በዚያ እራት ነው። ሣሩ ደግሞ ገና ግማሹ ቆሟል።

«ዞር በሉ፣ እኔ ልየው!» አለ ልጁ። እናትየዋ የባላቸውን ክንድ ይዘው ፈቀቅ አሉ።

ሞተሩን አጠፋ። ማሽኑን ጋደም አድርጎ ከሥሩ የተጠቀጠቀውን ሣር ፈልቅቆ አወጣ። አስነሳው... ያው ነው።

ጎማውን ፈታ። የውስጥ ጥርሱ አልተበላም።

ጎማውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ዳሰሰ። አዲስ ነው፤ የቀየረው እሱ ራሱ ነው።

በመጨረሻ ከመጨበጫው ወደ ጎማው የሚወርደውን የሽቦ ካቦ ነካ አደረገ... እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝሏል! ካቦው ሲላላ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ጎማውም ጉልበት ያጣል።

ማጥበቂያው ዳዶ ላይ ደግሞ ፒንሳ የነከሰበት ምልክት አለ። ትኩስ ነው።

«አባዬ... ይሄን ማነው ያላላው?»

አባትየው ሚስታቸውን አዩ። ሚስትየዋ ሰማዩን አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባት።

«ለምን?!»

«እንዲሁ ይሻለናል ልጄ... ተወው።»

«ምኑ ነው የሚሻለው? ጃጅተሃል እኮ! ሥራ ያለህ እንዲመስል ነው አይደል ቀኑን ሙሉ የምትጎተተው?»

እናትየዋ አፋቸውን ከፈት አደረጉ... መልሰው ዘጉት። ለማንም የማይመለስ ያ ምላስ፣ ባል ፊታቸው ሲዋረድ ታሰረ።

ልጁ ካቦውን ጥብቅ አደረገው። ይህም አልበቃው አለ...

«እጅህም ይዝላል» ብሎ መጨበጫውን ከእጀታው ጋር በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። እንዳይለቀቅ። እንዳይቆም።

«በሉ ያዙ!» ብሎ የማስነሻውን ገመድ ሳበ።

ማሽኑ ዘሎ ተነሣ!

«አቁመው! አቁመው ልጄ!» አሉ አባት እየተጎተቱ።

«ሩጡ እንጂ!» አለ ልጁ... ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ። እየሳቀ።

አባትየው ተደናቅፈው ወደቁ። እናትየዋ ግን እጀታውን አልለቀቁም።

«እማዬ ልቀቂው! ምን ነካሽ?»

አልለቀቁም... እግራቸው እየተጎተተ ሄዱ፣ ሄዱ፣ የመንገዱ ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በጎናቸው ወደቁ። ማሽኑ አጥሩን መትቶ ቆመ።

ልጁ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ አባቱን ያዋርዳል...

«አንተ ነህ የጣልካት! ማሽን መያዝ አቅቶህ!»

ሐኪሟ ወጣች።

«ዳሌያቸው ተሰብሯል» አለች። «ግራ እግራቸው ግን ዛሬ የተጎዳ አይደለም፤ ከከዳቸው ቆይቷል። ያለ ድጋፍ መቆም አይችሉም። ሲራመዱ የነበረው በምን ነበር?»

«እናቴ? እናቴ እኮ ግቢውን ስትዞር ነው የምትውለው!»

አባትየው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ነው። ደጅ ስትወጣ... በማሽኑ ነው።»

አባትየው ቀጠሉ።

«ምርኩዝ ልግዛልሽ ብላት ‹ሞቼ ነው የምይዘው› አለች። ለልጄ ብትነግር አልምርህም ብላ አስማለችኝ። ንዝንዙ ለሽፋን ነው፤ መደገፏ እንዳይታወቅባት። እኔም ካቦውን በእርምጃዋ ልክ አላላሁላት...»

ልጁ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ...»

እናትየዋ አዩት። አዩት...

«ሣሩ አለቀልህ?» አሉት።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናትየዋ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። ሣሩን የሚያጭደው ልጁ ነው። ካቦውን መልሶ አላልቶታል... ለማን እንደሆነ እንጃ።

ባጨደ ቁጥር መሐል ላይ አንድ መስመር ሆን ብሎ ይተዋል። ቀና ብሎ የእናቱን መስኮት ያያል...

«እዚያ ጋ ቀርቷል!» እስኪሉት ይጠብቃል።

መጋረጃው አይነቃነቅም።

ልጆች... ወላጅ ሲያዘግም ዳዶ ለማጥበቅ አትሩጡ። «ለምን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ መልሱን ሳትሰሙ አትሳደቡ።

እናንተም ኩሩ እናቶች! ምርኩዝ መያዝ አያዋርድም። ባል ስለ እናንተ ሲሰደብ ሰማይ ማየት ነው የሚያዋርደው።

እስቲ ፍረዱ... እኚህን እናት የጣላቸው ማን ነው? ካቦውን ያጠበቀው ልጅ፣ መሐላ ብለው የተሰደቡት አባት ወይስ የራሳቸው ኩራት? ልብ ምልክት ብቻ አስቀምጦ ማለፍ የለም፤ ምክንያታችሁን ጻፉ!