የፓምፕ ቤቱ ቀልድ

ቀልዱ የተለጠፈው ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቆቦ መናኸሪያ በር ላይ ሰው ለመግደል የቆረጡ አርባ ያህል ሰዎች ተሰብስበው ነበር።

ቀልዱ ይህ ነው፦ «ፓምፕ ቤት ውስጥ ዘጠኙን በዕድሜ አሰለፏቸው። አያ መርሻ ከፊት ቆሙና ዞር ብለው፣ ‹ልጆች፣ ለማዳበሪያ ስሰለፍ ኖሬ ያልደረሰኝ ወረፋ ዛሬ ደረሰኝ› አሉ።»

የጻፈው ራሱን «አሥረኛው» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። የቆቦና የአካባቢዋ ልጆች በሚጫወቱበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀልድ ኖሯል። የሚቀልደውም ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ዘጠኙ የተገደሉት ተኝተው ነው፣ ለመንቃት ሰንፈው ነው አለ። ሌላ ጊዜ፣ እርሻው ውስጥ ሲሮጡ ነው የተመቱት፣ የዚያ ዓመት ቲማቲም ሳይበስል የቀላው ለዚህ ነው አለ። ግማሹ ሰው ይሳደባል። ግማሹ ደግሞ እየተሳቀቀም ቢሆን ይስቃል። «ካልሳቅን በምን እንኖራለን?» የሚሉም ነበሩ።

ከሮቢት በታች ያለው የመስኖ ፓምፕ ቤት ከአስፋልቱ አይታይም። ማሽላ ሲደርስ ዙሪያውን ይውጠዋል። በጦርነቱ ጊዜ የመጡት ታጣቂዎች ግን ሳይፈልጉ በቀጥታ ወደዚያ ሄዱ፣ የተደበቁትን ዘጠኝ ሰዎች ገደሉ፣ ቤቱን በናፍጣ አቃጠሉት። የተረፈ የለም። አጥንቱ የማን እንደሆነ እንኳ አልለይ ብሎ ዘጠኙም አንድ ላይ ተቀበሩ። ውስጥ የሆነውን አይቻለሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የግሩፑ አድሚን አስፋው ነው። የሙታኑ መታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። በየሙት ዓመቱ ማይክ ይዞ፣ «ያን ቀን ጎብዬ ከተማ ነበርሁ። ስደርስ የጠበቀኝ ጭስ ብቻ ነው» እያለ ያለቅሳል፣ ያስለቅሳል። በመቃብሩ ዙሪያ ያለውን የሽቦ አጥር የወጠረው በገዛ እጁ ነው። አሥረኛውን ስንት ጊዜ ከግሩፑ እንዳባረረው ራሱም አያውቀውም። በሌላ ቁጥር ይመለሳል።

የዛሬው ቀልድ ግን ሟች በስም ጠራ። አስፋው የድምፅ መልእክት ላከ። «በደም የሚቀልድ የራሱም ደም ይፈስሳል። መናኸሪያ እንገናኝ።»

ጥርጣሬው ባለባጃጁ ካሳው ላይ አረፈ። ምክንያት አልጠፋም። ካሳው አፉ አያርፍም። በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ስለነበረ የቀበረውም ሰው የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀልዱን ለተሳፋሪዎቹ ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል።

«አነበብሁ እንጂ አልጻፍሁም!» አለ ካሳው።

«ስቀሃል?» አለ አስፋው።

«ስቄያለሁ።»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው አፉ ላይ። ከባጃጁ ጎትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሊነሳ ሲል በእርግጫ ጎኑን መቱት። ባጃጁን ገለበጡት፣ ቤንዚኑ መፍሰስ ሲጀምርም ክብሪት የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። እነዚህ ሰዎች በሌላ ቀን ቢያገኙት ታሪፍ ይከራከሩት የነበሩ ናቸው።

«ኧረ በአላህ፣ ልጁ መሞቱ ነው!» አለ ኢብሮ። በሩ ላይ ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። የሰማው የለም። አንዱ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ በካሳው ራስ ላይ ክንዱን ከፍ አደረገ።

ያን ጊዜ የሁሉም ስልክ ባንድ ላይ ጮኸ።

አሥረኛው ጽፏል፦ «ካሳውን ተዉት። እኔ ከኋላችሁ ነኝ።»

አርባው ሰው ዞረ። የትናየት ስልኳን ይዛ ቆማለች። የአያ መርሻ ልጅ ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

«አንቺ?» አለ አስፋው። «በገዛ አባትሽ?»

«በገዛ አባቴ።»

ሰዉ ተተራመሰ። አንዱ አብዳለች አለ። አንዷ አማተበች። ኢብሮ ካሳውን ከመሬት እየደገፈ አነሳና፣ «ሙቱ የሷ ነው። ቢሻት ታልቅስ፣ ቢሻት ትሳቅ! እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ድንጋይ የያዘው ሰው ማን ላይ እንደሚጥለው ግራ ገብቶት ወደ አስፋው አየ። አስፋው ዱላውን እንደያዘ ወደ የትናየት ቀረበ።

«ያ ሁሉ መከራቸው ላንቺ ሳቅ ነው?»

የትናየት ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ፈርታ ነበር።

«ምኑ አስቆጣዎት፣ ጋሽ አስፋው? አባቴ መጀመሪያ ነው የተመቱት። የሌላውን ሞት ሳያዩ አረፉ። እኔ ይህንን እያሰብሁ፣ እየሳቅሁ እተኛለሁ።»

«ውሸት ነው!» አስፋው ዱላውን አነሳ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ የምሩን ነው። «መጀመሪያ አይደሉም! መጨረሻ ናቸው! ስምንቱ እስኪወድቁ ቆመው አይተዋል! ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ‹ትንሹን እንኳ ማሩት› እያሉ ለምነዋል! ይሄ ነው አንቺን የሚያስቅሽ?»

የትናየት ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም።

«ጋሽ አስፋው» አለች፣ «ማን ነገረዎት?»