የእሑድ ድንጋይ

«ጭቃ ሹሙ ነው አሉ የሚወስደው» አለች ስንዱ፣ ዳገቱን ሳያጋምሱ ለሦስተኛ ጊዜ። «ሕዝቡ ድንጋይ ለሚካኤል ቅጥር ብሎ ያመጣል፤ እሱ ለበረቱ ካብ ያስግዘዋል። በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

ሐረገ ወይን ጎንበስ ብላ መውጣቷን ቀጠለች። ድንጋዩን በአሮጌ ጋቢ እንደ ልጅ አዝላዋለች፤ ትንፋሿ ለዳገቱም አልበቃት፣ እንኳን ለጎረቤት ወሬ።

ደግሞስ ምን ብላ ትመልስ? ይህንኑ ወሬ ባሏን ዋሴን አራት ዓመት ሙሉ ስትግተው የኖረችው እሷው ናት። ቅጥሩ በክረምት ከተናደ ወዲህ አስቀዳሽ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አቅሙ የቻለውን አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ዋሴ ቅዳሜ ከወንዝ ይመርጣል፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ይሸከማል። «የሰው ባል ሥጋ ይዞ ይገባል፤ የኔው ድንጋይ ይዞ ይወጣል» ትለዋለች። ይስቅና ይወጣል። እሷ ግን ለክርስትናና ለተዝካር ካልሆነ ደጀ ሰላሙን አትረግጥም። «እግዜር ቤቴን ያውቀዋል፤ ሲፈልገኝ ይምጣ» ባይ ናት።

ማክሰኞ ዕለት ዋሴን በሬ ረግጦት ቅልጥሙ ተሰበረ። ከመካነ ኢየሱስ የተጠራው ወጌሻ በሸንበቆ አስሮት፣ «ይህ እግር ከሰኔ ሚካኤል በፊት መሬት ከነካ ዕድሜ ልክህን አንካሳ ነህ» ብሎ ሄደ። ዛሬ ማለዳ ስትነቃ ግን ዋሴ ምሰሶውን አቅፎ ሊቆም ሲታገል አገኘችው።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«አንድም እሑድ አጓድዬ አላውቅም፣ ሐረጌ።»

«አንካሳ ሆነህ ማን ሊያርስልኝ ነው? ሚካኤል?»

«እንግዲያ አንቺ አድርሽልኝ።» ወደ መደቡ እየተመለሰ ዓይኗን ሽሽት ጣራ ጣራውን አየ። «ጥለሽው እንዳትመጪ ታዲያ። ድንጋይ ያመጣ ሰው ‹እትዉ በሰላም› ሳይባል አይመለስም፤ ደንብ ነው።»

አዘለችው። ለሚካኤል ብላ አልነበረም፤ ለዚያ እግር ብላ ነው።

«ጭቃ ሹሙ ነው እኮ…» አለች ስንዱ።

«ይውሰደዋ። የሱም ላሞች ማደሪያ ይሻሉ» አለች ሐረገ ወይን። «አንቺስ ጀርባሽን ባዶ አድርገሽ የምትወጪው ምን ይዞሽ ነው? ያችን አንሺ።»

ስንዱ እያጉረመረመች የድንች ፍሬ የምታህል አነሳች።

ከግቢው ሲደርሱ የድንጋዩ ክምር ከዋንዛው ቅርንጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ስንዱ ሽቅብ አየችውና ወሬዋን ዋጠችው። ሐረገ ወይን ድንጋዩን ጥላው አልሄደችም፤ እንዳይንከባለል ሁለቴ አመቻችታ አስቀመጠችው፣ በሴቶቹም በር ገብታ ቆመች።

ቅዳሴው ረዘመባት። ስለ ድውያን ሲጸለይ የዋሴ ቅልጥም ትዝ አላትና «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው ከአፏ ሳታስበው ወጣ። ደገመችው። ሦስተኛውን ግን አስባ ነው ያለችው።

‹እትዉ በሰላም› ተብሎ ሕዝቡ ሲበተን መምሬ ካሴን ከክምሩ ሥር አገኘቻቸው፤ መስቀል ተሳለመች።

«ለሚመጣው እሑድ» አለች፣ «ጠፍጣፋው ነው ድቡልቡሉ የሚሻላችሁ? ስመጣ ከመሻገሪያው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ አይቻለሁ። ሰው እንዳይቀድመኝ ቅጠል አልብሼዋለሁ።»

መምሬ ካሴ ጢማቸውን ዳበሱ፤ ግራ ቀኙን አዩ።

«አሁን ከመቅደስ ወጥቼ አልዋሽሽም፣ ልጄ። ግንበኛው ይህን ክምር ለክቶ፣ ‹ለዚህ ቅጥር ቀርቶ ለሌላም ደብር ይተርፋል› ያለኝ ካቻምና በፋሲካ ነው። ‹መጣሁ› እንዳለ እሱም በዚያው ቀረ። እኔም ለሕዝቡ ሳልናገር ይኸው አለሁ።»

ሐረገ ወይን ክምሩን ከታች እስከ ላይ አየችው። ጀርባዋ ገና ይነድዳል። የምትሰነዝረው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋሴ ምሰሶውን አቅፎ ሲታገል መጣባትና ተወችው። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይህን ዋሴ እንዳይሰማብኝ፣ መምሬ። እግሩ መሰበሩ ይበቃዋል፤ ልቡም እንዳይጨመርበት።»

«ዋሴ?» አሉ መምሬ ካሴ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየሸፈኑ። «ግንበኛው ሲለካ የገመዱን ጫፍ ይዞለት የነበረው ዋሴ አይደለም እንዴ?»