ሰው የበዛበት ሳምንት

ተሾመች ባሏ ከሞተ ወዲህ ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤቷ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ልጇ ሚካል ኖርዌይ ከገባች ቆይታለች። እዚያ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የሰው እናት እያጠበች የራሷን እናት ብቻዋን መተዋ ያንገበግባታል። «እማዬ፣ ነይልኝ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ቪዛው ወጥቷል። የቀረው ትኬት ነው፤ እሱንም ሚካል የምትቆርጠው እናቷ እሺ ያለች ቀን ነው።

ተሾመች ደግሞ እሺ ማለት አቃታት። ዛሬ ልሂድ ትላለች፣ ነገ ልቅር። እዚያ ልጇ አለች፤ ግን ልጇ ሥራ ስትውል እሷ ማንን ስታይ ትውላለች? ቋንቋው አይገባት፣ ብርዱን አትችለው፣ አቦን ልሳለም ብትል የት ትሄዳለች? እዚህ ቤቷ አለ። ሰው ግን የለም። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ሰልችቷት ብዙውን ቀን በዳቦና በሻይ ታልፈዋለች። ሬዲዮኑንም የምትከፍተው ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሰው እንዲኖር ብላ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ ሂጂ። ወተት የምታመጣላት ለሊሴ፣ የሰፈሩ የቀድሞ ገበሬዎች ልጅ፣ ይህንኑ በር ላይ ቆማ ትላታለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ቸኮልም መንገድ ላይ ሲያገኟት እዚህ ምን ያስቀምጥሻል ይሏትና ወደ ጉዳያቸው ያልፋሉ። አረፍ ብሎ የሚያጫውታት አንድም ሰው አልነበረም።

በዚህ ሳምንት ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ሰኞ ጠዋት ለሊሴ ወተቱን ሰጥታ እንደ መሄድ ገብታ ተቀመጠች። ስለ ላሞቿ አወራች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ተሾመች ስልኳ ቻርጅ አልይዝ እያለ እንዳስቸገራት አንድ ጊዜ ነግራት ነበርና፣ ጀሞ የማውቀው ሠሪ አለ ብላ ስልኩን ይዛ ሄደች። ማታ ሽሮ ይዛ ተመለሰች። ተሾመች እስክትበላ ድረስም ንቅንቅ አላለችም።

በማግስቱ አቶ ቸኮል ከነሚስታቸው መጡ። ሚስትየው ሳይጠየቁ ጓዳ ገብተው ድንች መላጥ ጀመሩ። አቶ ቸኮል ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው ያን ያህል የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ጉዞውን ለጊዜው ብታቆዪው ይሻላል አሏት። ሲጎተጉቷት የከረሙት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ።

ተሾመች ሞኝ አይደለችም። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ሂጂ ማለት ምንም አያስከፍልም፤ ነገሩ የምር መሆኑ ሲታወቅ ግን የሰው ዓይን ይቀላል። ምቀኝነት ነው አለች በልቧ። ረቡዕ ለሊሴና የአቶ ቸኮል ሚስት አጥሩ ሥር ሲንሾካሾኩ ደረሰችባቸው። ሲያዩዋት ወሬያቸውን ቀየሩ። ከዚያ በኋላ አልተጠራጠረችም። ስልኳ ተሠርቶ በመጣ ቅጽበት ለሚካል እሺ እላታለሁ፣ ይቃጠሉ ብላ ወሰነች።

ሐሙስ ወንድሟ ደምሰው ከደብረ ብርሃን ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ደምሰው ለባሏ ተዝካር እንኳ እርሻዬን ለማን ጥዬ ብሎ የቀረ ሰው ነው። አቅፏት ቶሎ አልለቃት አለ። ልትሰናበተኝ ነው የመጣኸው ብትለው አንገቱን ደፋ። እሱም እንደ ሌሎቹ ትንሽ ቆዪ አላት።

ይሄ ነው ግራ ያጋባት። ወንድም አይመቀኝም።

ያን ቀን ምሽት ቤቷ ሞላ። ለሊሴ አጠገቧ፣ ደምሰው ፊት ለፊቷ፣ አቶ ቸኮልና ሚስታቸው ሶፋው ላይ። ተሾመች ይህን ያህል ሰው ቤቷ ውስጥ ካየች ዘመን አልፏል። ደስ አላት፤ ወሬም አማራት። ሚካል ልጅ ሳለች ለለማኝ የአባቷን አዲስ ጫማ አውጥታ የሰጠችበትን ቀን እየሳቀች ተረከችላቸው። ለሊሴ እሳት ላይ ድስት ጥጄ መጥቻለሁ ብላ ብድግ አለች።

ተሾመች በር ድረስ ተከተለቻትና እጇን ያዘች።

«ለሊሴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለምንድን ነው እንድቀር የፈለጋችሁት?»

ለሊሴ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ብቻዎን እንዲሆኑ ስለማንፈልግ ነው፣ እትዬ ተሾመች።»

ድምፅዋ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። ተሾመች አፈረች። እነዚህን ሰዎች ምቀኛ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትረግማቸው ከርማለች። ለካስ ልትለያቸው ስትል ነው የወደዷት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ደምሰውም አቶ ቸኮል ዘንድ አድራለሁ ብሎ አብሯቸው ወጣ። ተሾመች ቤቱን ስታስተካክል ሬዲዮኑን መክፈት ረሳች። ያን ያህል ያስጨነቃት ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ገረማት። ኖርዌይ ጥሩ ኑሮ ይኖር ይሆናል፤ ግን ከዚህ የሚሻል አይሆንም። አትሄድም። ለልጇ የምትላትንም እየደጋገመች አጠናችው፤ «ሚካልዬ፣ እንዳታዝኚብኝ። እኔ እዚህ ሰው አለኝ።»

እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ወሰዳት።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል። ደግሞ በማለዳው መጡልኝ ብላ እየሳቀች ተነሣች፤ ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ደምሰው ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ግቢውን የሞሉት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።