የግዙፉ ተራ

«ሞቷል» አልኩና ግዙፉን በጣቴ ገፍቼ ጣልኩት።

«አልሞተም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ አንስታ መልሳ እያቆመችው። ግዙፉ ከልብስ ስፌት ቤቴ ያመጣሁት የክር ጥቅል ነው። በጨዋታው እኔ የካፖርት ቁልፍ ነኝ። አባቷ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው ጎረቤቴ ደግሞ፣ ከአንገቱ የማይለየውን ፊሽካ አውልቆ «እኔ ይሄ ነኝ» ብሎ አስቀምጧል።

«እንዴት አልሞተም? ድልድዩን ተሻገርኩ፣ መድኃኒቴን ጠጣሁ፣ በሰይፍ ደረቱን አልኩት።»

«ሁሉንም በአንድ ተራ?»

«ቸኩዬ ነዋ።»

አባቷ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯን ገልጣ በእርሳስ ጫፍ አሳየችኝ። በአንድ ተራ አንድ ጉዞና አንድ ድርጊት ይፈቀዳል። መምታት ድርጊት ነው፤ መድኃኒት መጠጣትም ድርጊት ነው። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ግዙፉ አጠገብ ቆሜ መድኃኒቴን ስጠጣ ተራዬ አልቋል። ሰይፉ ለሚቀጥለው ነው። ከዚህ ሌላ በዙር አንድ ጊዜ አጸፋ የሚባል አለ፤ ጠላት ከአጠገብህ ተነስቶ ሲሄድ፣ ተራህ ባይሆንም ትመታዋለህ።

ይህን ሁሉ ከወፍራም የባዕድ መጽሐፍ ወደኛ ቋንቋ የመለሰችው እሷ ናት፤ የትምህርት ቤት እረፍቷን ሙሉ። ነገ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይህን የምናብ ውጊያ ጨዋታ ለስድስት ጎረምሶች ትመራለች፤ «ሕጉን መች ታውቀዋለች» እያሉ ካሁኑ የሚያሾፉባት ናቸው። «ለእናንተ ከገባ ለማንም ይገባል» ብላ ነው የጠራችን። «ካልገባችሁ ግን ነገ አልሄድም።» ስድቡን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

የአባቷ ተራ ደረሰ። ቆስሏል፤ አንድ ምት ከቀመሰ አለቀለት። ከወዲያ ማዶ ያለውን የብረት በር ከፈተና ጦር ልወርውር አለ።

«በሩ ድርጊት ነበር፣ አባዬ።»

«አንዴ እለፊው እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው» አልኩ።

«ተዋት» አለኝ እሱ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የገዛ አማቹ ሰልፍ ሰብሮ ሲመጣ «ወደኋላ» ያለበት ድምፅ ነው። እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

የግዙፉ ተራ ሆነ። ልጅቷ የክር ጥቅሉን ከቁልፌ አጠገብ አንስታ ቀስ እያለች ወደ ፊሽካው ወሰደችው። ሊደርስ ሲል ቆመች። አየችኝ።

አባቷም አየኝ። መልሱን ያውቃል፤ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ቆይ» አልኩ። «ይሄ ሰውዬ ከአጠገቤ ተነስቶ ነው የሄደው።»

«እሺ?»

«አጸፋ አለኝ።»

«በማን ተራ?»

«በሱ። በዙር አንዴ ብቻ። እስካሁን አልተጠቀምኩበትም።»

ከንፈሯን ነክሳ ፈገግታዋን ዋጠችው። ምቱ መሳካቱን የሚወስነውን፣ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አሥራ ዘጠኝ ወጣልኝ። ግዙፉን አሁን እኔ አልነካሁትም፤ ራሷ አጋደመችው። ከዚያ ደብተሩን ለነገ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

ወደ አባቷ ዞርኩ። ደረቱ ተነፍቶ የሸሚዙን ቁልፎች ሊበጥስ ምንም አልቀረው፤ የሰፋሁለት እኔ ስለሆንኩ ነው የቻሉት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንዲህ ያለች ልጅ ወልደህ አንድ ቃል እንኳ አትተነፍስም?»

«ተራዬ አልደረሰም» አለ።