የሹራብ እርቅ

ብርዱ አልቻል ካለ ወዲህ አገሩ ሁሉ በኮረንቲ የሚሞቅ ሹራብ ይለብሳል። ሹራቡ አንድ አመል አለው፤ የሁለት ሰዎች ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሹራቦቹ ይሳሳባሉ፣ በተቃራኒ ሲሄድ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ያኮረፈ ሰው የኮረንቲውን አቅጣጫ ማዞሪያ ገልብጦ ቁጭ ይላል፤ ኩርፊያን ከእንግዳ መደበቅ ቀረ።

ተዋበችና ባሏ ሽብሩ ሶፋው ላይ ዳርና ዳር ከተለጠፉ ሳምንት ሆናቸው። ሊያስታርቁ የመጡት ጋሼ መኩሪያ የራሳቸውን ሹራብ አጥፍተው መሃላቸው ተቀመጡ።

"በሉ፣ ስለ እኔ ብላችሁ ይቅር ተባባሉ" አሉ።

ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ በየልባቸው "እኔ ልሸነፍ" ብለው፣ እኩል ማዞሪያቸውን ገለበጡ። ያው መገፋፋት ሆነ።

"አዩት ጋሼ? እኔ ስዞርለት እሱ ንቅንቅ አላለም!" አለች ተዋበች።

"የዞርኩትስ እኔ ነኝ፤ እሷ ናት ግግም ያለችው!" አለ ሽብሩ።

ጋሼ መኩሪያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ሁለታችሁም እኩል ስለዞራችሁ ነው። አሁን አንቺ እንዳትነኪ፤ አንተ ብቻ ገልብጥ" አሉ።

ሽብሩ ገለበጠ። ባልና ሚስት ከነሳምንት ናፍቆታቸው ተወርውረው ተቃቀፉ። ከመሃላቸው የታፈነ ድምፅ ወጣ፤

"ልጆቼ፣ በፈጠራችሁ... ትንሽ ተጣሉ!"