ዲዛይን፦ ሄርሜላ

ሶኬቱን እነቅላለሁ። አምፖሏ አሁን መብራት ነበረባት። አልበራችም።

«ስምሽ ብቻ ነው የበራው» ይላል የጋሼ ሽበሺ ጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ ጅራታ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘ የሬዲዮ መጠገኛውን በር ተደግፎ። እውነቱን ነው። አምፖሏ የተያያዘችበት አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ቦርድ ላይ «ዲዛይን፦ ሄርሜላ» የሚለው ነጭ ጽሑፍ እሱ ከቆመበት ድረስ ይነበባል።

ጋሼ ሽበሺ አይስቁም። መቱ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራውን ይህን ነገር ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ክረምት በባትሪ ድንጋይ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሥለው ሰጡኝ። እኔ ከቢሮ ስወጣ ኮምፒውተር ላይ እየተቀመጥኩ በሦስት ወር ገለበጥኩት፤ ቦርዱን አዲስ አበባ አሳትሜ አስመጣሁት። የመጀመሪያዬ ነው።

«ካርቶኗን ይዘሻታል?»

ከቦርሳዬ አወጣላቸዋለሁ። ጣታቸው መስመሩን እየተከተለ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

«እዚች ጋ ሬዚስተር ነበረች። የት ሄደች?»

«ትርፍ መስላኝ ነው ጋሼ። ቦታም ጠበበኝ።»

«መብራት ሲሄድ አምፖሏን የምትቀሰቅስ እኮ እቺ ናት፣ ልጄ።»

ቦርዱን ያያሉ። እኔም አያለሁ። ሬዚስተሯ መቀመጥ የነበረባት ቦታ ላይ የተቀመጠው ስሜ ነው። ፊደሉን ለማሳመር ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በሁለቱ ቀን እሳቸው ትዝ ሳይሉኝ ቀርተው አይደለም፤ ቦታው ለሁለት ስም አይበቃም ብዬ ተውኩት።

አሮጌ ዕቃ ከሚያጠራቅሙበት የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ሬዚስተር ይለቅማሉ። ቦርዱን ገልብጠው በጀርባው ይበይዷታል። ሶኬቱን ሰክቼ ደግሜ እነቅላለሁ።

አምፖሏ ቦግ ትላለች።

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» ጅራታ ማበጠሪያውን በመዳፉ ይመታል። «ሄርሜላ፣ ለኔም ቤት አንድ ሥሪልኝ እንጂ! ጋሼ፣ ተማሪዎ በለጠችዎት።»

ሐሳቡ የሳቸው ነው ብለሽ ንገሪው እላለሁ ለራሴ። የሶኬቱን ገመድ እጠቀልላለሁ።

ጋሼ ሽበሺ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ያወርዳሉ፤ ጽሑፉን በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዙረው ቀስ ብለው ያነቡታል።

«ፊደሉ እንዴት ያምራል» ይላሉ፣ ከልባቸው። ከዚያ ቦርዱን ይሰጡኛል።

ስሜን በአውራ ጣቴ እሸፍነዋለሁ። ከሥሩ የተበየደው ገና አልበረደም።